ባዶውን የማይገባው አልጋ

ጋሽ እንድሪስ መሞታቸውን ያወቅኩት ፊታቸውን ሳባዛ ነው።

መካነ ሰላም መናኸሪያው አጠገብ ባለች አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው። ጠዋት ማሽኑ ሳይሞቅ የቢሯቸው ጸሐፊ አበባ ገባችና አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። "ሠላሳ" አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም። እኔም እንደ ልማዴ ሳላነብ መስታወቱ ላይ ደፋሁት። የመጀመሪያው ቅጂ ሲወጣ ጋሽ እንድሪስ ከወረቀቱ ላይ አዩኝ። ከፎቷቸው በላይ መስቀል አለ። ከሥሩ፣ "ቀብራቸው ነገ በስድስት ሰዓት ወረኢሉ አጠገብ በትውልድ ቀያቸው" ይላል።

ማሽናችን ቀለም ማመጣጠን አይሆንለትም፤ የጠቆረውን እያጠቆረ ነው የሚሄደው። አሥረኛው ላይ ዓይናቸው ጠፋ። ሃያኛው ላይ ከግንባራቸውና ከጥርሳቸው በቀር የቀረ ነገር የለም።

"ደህና አድርገሽ አውጪው እንጂ!" ብላ ጮኸችብኝ አበባ።

"የሰጠሽኝን ነው የማወጣው" አልኳት። አፌ እንዲህ ነው።

አበባ ሳትወጣ እናቴ ከአጋም በር ደወለች። አጋም በር የተወለድኩበት ጎጥ ነው። ከመካነ ሰላም በመኪና እስከ ጤና ጣቢያው ይኬድና፣ ከዚያ የገደሉን አፋፍ ይዞ ሦስት ሰዓት በእግር ነው። እናቴ ሰላምታ ሳታስቀድም፣ "ሰውዬሽ ሞቱ አሉ" አለችኝ።

"በምን ሰማችሁ? እኔ ራሴ ገና አሁን…"

"መርዶ ክንፍ አለው። ስሚኝ ሰአዳ፣ አልጋው በላቸው እየተባለ ነው። የቅሬው ሰዎች ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረውታል። ከድጃ ደግሞ ወሯ ገብቷል፤ ከትናንት ጀምሮ ወገቧን ትይዛለች።"

ከድጃ ታላቅ እህቴ ናት። የፊተኛው ልጇ ሁለት ቀን አምጣ፣ ሞቶ ነው የተወለደው። እሷም ለጥቂት ነው የተረፈችው። አሁን ደግሞ ሁለተኛው ነው፤ እሷን ሊያወጣት የሚችለው አንድ አልጋ ፊቱን አዙሯል። አንድ መኪና ወደ ወረኢሉ፣ አንድ መኪና ወደኛ አገር ቆመዋል። ቀብር ወይስ እህቴ? የትኛውን እንደመረጥኩ እነግራችኋለሁ፤ መጀመሪያ ግን አልጋ እንዴት ሰው ሊበላ እንደቻለ፣ ጋሽ እንድሪስም ማን እንደነበሩ ልንገራችሁ።

ጋሽ እንድሪስ የዕቅድና ጥናት ባለሙያ ነበሩ። ስማቸው እንድሪስ፣ አባታቸው ገብሬ፤ ወሎ ነውና ማንም አይገረምም። ሲገቡ "ሰላም አለይኩም" ይላሉ፣ ሲወጡ "በማርያም" ይላሉ። ዛሬ ያን መስቀል እስካይ ድረስ እስላም ይሁኑ ክርስቲያን ጠይቄያቸው አላውቅም። ረጅም፣ ቀጭን፣ ትከሻቸው ጠበብ ያለ ሰው ናቸው። ሰዓታቸውን በእጅ አንጓቸው ውስጠኛ በኩል ያስሩ ነበር፤ ሰው ሲያናግሩ ሰዓት የሚያዩ እንዳይመስሉ ነው አሉ። ሲያዳምጡ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። መጀመሪያ ሳያቸው የተኙ መስሎኝ ነበር።

የተዋወቅነው እዚሁ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። የጥያቄ ወረቀት ሊያባዙ መጡ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ያጣሁ ሰሞን ነው። ዝም ብሎ መቀመጥ አልችልም፤ የሰው ወረቀት ማንበብ ልማዴ ነው።

"ይኼን ማን ይመልስልኛል ብለው ነው?" አልኳቸው።

"ምን አለው?"

"'ሟች ምጥ የጀመራት በስንት ሰዓት ነው?' ይላል። በኛ አገር ምጥ የጀመራት ሴት የለችም። የወለደች አለች፣ የሞተች አለች። መሃሉን ማንም አይናገርም። ምጥ ከተወራ ዓይን ይበላዋል፣ ይረዝማል ነው የሚባለው። ጎረቤት እንኳ የሚሰማው እልልታውን ወይም ለቅሶውን ነው።"

መነጽራቸውን አወለቁ። "አገርሽ የት ነው?"

"አጋም በር።"

ወረቀቱን አገላብጠው አሳዩኝ። ራስጌው ላይ አጋም በር ተብሎ ተጽፏል። በዚያ አፋፍ ላይ እናቶች ለምን በወሊድ እንደሚያልቁ አጥኑ ተብለው ነበር። በማግስቱ መንገድ መሪና ጸሐፊ ሆኜ ተከተልኳቸው።

ከሟቿ ቤት የምንጀምር መስሎኝ ወደ ላይ ስታጠፍ እጄን ያዙኝ። "ከመቃብሯ ነው የምንነሣው" አሉ።

"ለምን?"

"ከቤት የተነሣ ሰው 'ቀኗ ደርሶ ነው' ብሎ መቃብሩ ላይ ያርፋል። ከመቃብር የተነሣ ሰው ግን በየእርምጃው 'እዚህ ጋ በሕይወት ነበረች' እያለ ነው የሚሄደው።"

ያን ቀን በምጥ የሞተችውን የዚነትን መንገድ ሄድን። ዚነት ከእኔ ጋር አንድ ምንጭ የቀዳች ልጅ ናት። ጉሙ ከአባይ ገደል ወጥቶ መቃብሩን ሸፍኖታል። የባሏ ወንድም ሙሄ አብሮን ነበር፤ ከተሸከሟት አንዱ እሱ ነው። ጋሽ እንድሪስ በሸክም እርምጃ፣ ቀስ እያሉ፣ በሰዓታቸው እየመዘገቡ ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ። አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ጋ ስንደርስ ሙሄ ቆመ። "እዚህ ጋ ነው ትንፋሿ የጠፋው" አለ።

ጋሽ እንድሪስ ድንጋዩን አለፉና ዞር አሉ። "በሉ እንግዲህ። ከዚህ ወዲህ ዚነት አለች" አሉን።

ከዚያች ድንጋይ ጀምሮ "ነበረች" ማለት ተዉ። "አሁን ዚነት ውሃ ትጠይቃለች። ማን ሰጣት?" "አሁን ዚነት ትናገራለች። ምን ትላለች?" ሙሄ እየተንተባተበ ይመልሳል፣ እኔ እጽፋለሁ። ፈሪ አይደለሁም። ግን ሦስት ሆነን ስንሄድ የአራት ሰው ኮቴ ሰማሁ። ቆሜ ዞርኩ። ጉም ብቻ ነው። ሙሄም ዞሮ ነበር። ዓይን ለዓይን ተያየንና ምንም ሳንባባል ሄድን።

ቤቱ ስንደርስ የዚነት አማት፣ እማ ሀዋ፣ በሩን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። "ይዛችኋት መጣችሁ?" አሉ።

"ማንን?" አልኩ እኔ።

"ዚነትን ነዋ! ከመቃብሯ ጀምሮ እየመራችኋት ስትመጡ አገር አይቷችኋል። እናንተ ሰዎች፣ ምን በደልኩ? ቀብሬ፣ አልቅሼ፣ ዱዓ አስደርጌ…"

ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ጋሽ እንድሪስ ግን ባርኔጣቸውን አወለቁ። "አዎ እማማ፣ ይዘናት መጣን" አሉ። "የምትለው አላት። ቁጭ ብለን እንስማት።"

 አሮጊቷ እጃቸውን ከበሩ ላይ አነሡ። ስንገባ፣ ከእኛ በኋላ ለሌላ ሰው መግቢያ የሚሆን ጊዜ በሩን ከፍተው ቆዩና ነው የዘጉት።

ያን ዕለት የሰማነውን ለማንም ነግረው አያውቁም ነበር። ዚነት ምጥ ላይ መሆኗን ሁለት ቀን ሙሉ ያውቁ ነበር፤ ባሏ ያውቅ ነበር፤ የቅሬው ወንዶች ሁሉ ያውቁ ነበር። ሌላው አገር እድር የሚለውን ነው እኛ ቅሬ የምንለው። ስንሞት የሚቀብረን ቅሬው ነው፤ ቃሬዛው የሱ ነው፤ ተሸካሚዎቹም የሱ ናቸው። ወንዶቹ ተሰብስበው ደጅ ላይ ተቀምጠዋል። ቃሬዛው ግን ከግድግዳው አልወረደም።

"ለምን አልወረደም?" አሉ ጋሽ እንድሪስ።

እማ ሀዋ እንደ ሞኝ አዩዋቸው። "ቃሬዛ ወጥቶ ባዶውን አይገባም። ያለ ሬሳ ከወጣ፣ ሬሳ ሳይዝ አይመለስም። ነፍሷ እያለች እንዴት አድርገን እናወርደዋለን? ስታጣጥር ነው ያወረዱት።"

ስንወጣ፣ "ዋሹኮ" አልኳቸው። "ዚነትን ይዘናት መጣን አሉ።"

"አልዋሸሁም" አሉኝ። "የሞቱትን ይዞ ከመምጣት ሌላ ሥራ የለኝም።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ አጋም በር ላይ ስማቸው "አስመላሹ" ሆነ። "አስመላሹ መጣ!" ሲባል ሴቶች ልጆቻቸውን ወደ ቤት ይጠራሉ። ሰውየው ከአንዱ መቃብር ወደ አንዱ ቤት ሲመላለሱ ከረሙ፤ እኔም ከኋላቸው። እናቴ "ያንቺን ነገር አላህ ይወቀው" ማለት ጀመረች።

ያኔ እኔ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ቃሬዛው ነው፤ በቃ፣ ጻፉትና እንሂድ። እሳቸው ግን ጅረቱን ተሻግረን ወይራ አፋፍ እንሂድ አሉ። ወይራ አፋፍ ከኛ ፊት ለፊት ያለ ጎጥ ነው። ያው ገደል፣ ያው ርቀት፣ ያው ጤና ጣቢያ። እዚያ ግን ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በወሊድ የሞተች የለችም። የኛ ሰዎች "ጅረቱ ነው፤ የኛ ወገን ጂኒ አለበት" ይሉ ነበር።

ወይራ አፋፍ ላይ አያ ደመቀ የሚባሉ ሰው ሽንብራ እየወቁ አገኘናቸው። ቃሬዛችሁን አሳዩን ብንላቸው ሳቁ። "ቃሬዛ የታለንና? ጎርፍ ወሰደው እኮ!"

"ከዚያስ?" አሉ ጋሽ እንድሪስ።

"ከዚያማ ሌላ እስክንሠራ ብለን በጠፍር አልጋ ነዋ። ሰነፍን፤ በዚያው ቀረ። የታመመም በአልጋ፣ ያማጠችም በአልጋ፣ የሞተም በአልጋ።"

ጋሽ እንድሪስ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጨፈኑ። አያ ደመቀ "አመማቸው እንዴ?" ብለው በጥቅሻ ጠየቁኝ። ከጎርፉ በፊት በወሊድ የሞቱትን መቃብር አሳዩን አልናቸው። አሳዩን። ከጎርፉ በኋላ ያሉትንስ? የለም። ያንን መስማት ደስ ሊያሰኘኝ ሲገባ ፀጉሬ ቆመ። የዚህን ሁሉ ሰው ሚስት ያተረፈው አንድ ጎርፍና አንድ ስንፍና ነው።

ወደ ማታ ስንመለስ፣ "አፍርሺው" አሉኝ።

"ምኑን?"

"ያገኘነውን። መጀመሪያ ራሳችን እናፍርሰው። ካልፈረሰ ነው ለሰው የምንሰጠው።"

ምላሴን ስለሚያውቁ ነው ለኔ የሰጡኝ። ሀብታም ስለሆኑ ይሆናል አልኩ፤ ሄደን አየን፤ ከኛ ይደኸያሉ። አዋላጅ ትኖር ይሆናል አልኩ፤ ያለችው የልምድ አዋላጅ የኛዋ ናት፣ ተሻግራ ነው የምትሄደው። ሳምንት ሙሉ ደበደብኩት፤ አልፈረሰም። እንዲህ ዓይነት ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። ያገሬ ሰው ያገኘውን ሐሳብ እንደ ልጁ ነው የሚያቅፈው፤ እሳቸው ግን እንደ ጠላት ነው የሚመረምሩት።

አሁን ስህተታቸውን ልንገራችሁ፤ ሟች ስለሆኑ አላድበሰብስም። ጥናቱን ጻፉ፣ አለቆቹ አመኑበት፣ ደብዳቤ ወጣ። "እያንዳንዱ ቅሬ ለወላድ እናቶች የሚሆን ተጨማሪ ቃሬዛ እንዲያዘጋጅ" ይላል። ቃሬዛ! ቃሉ እሳቸው ራሳቸው የመረጡት ነው፤ እኔም ነኝ የተየብኩት፣ እኔም አላስተዋልኩም። አጋም በር አዲሱን ቃሬዛ ሠራ። ከአሮጌው ጎን አቆመው። ሰውም "ድሮ አንድ ነበር፤ አሁን ሁለት ሬሳ ይፈልጋሉ" አለ። መሬማ የምትባል ሴት ምጥ ሲጠናባት አዲሱ ቃሬዛ እደጃፏ ድረስ መጥቶ አየችው። "ገና አልሞትኩም፣ ውሰዱልኝ" ብላ ጮኸች። ወሰዱላት። በማግስቱ በአሮጌው ተሸከሟት።

ጋሽ እንድሪስ ይህን ሲሰሙ ፎቶ ኮፒ ቤት መጥተው አንድ ጥግ ተቀመጡ።  "የገደልኳት በአንድ ቃል ነው" አሉ። "ሰው እምቢ ሲልሽ እምቢታውን ቃል በቃል ጻፊው ሰአዳ። እኔ ጽፌው ነበር። አላነበብኩትም።" አብሽሩ አልኳቸው። ምን ይባላል ሌላ?

ሁለተኛው ሙከራ በደብዳቤ አልተጀመረም። የአጋም በርን ሴቶች ሰብስቡልኝ አሉ፣ ሰበሰብኩ። ስሙን ራሳችን እናውጣለት አሉ። ሴቶቹ ዝም ሲሉባቸው እንዲህ ብለው ጀመሩ፦ "ለምሳሌ 'በቅሎ' ብንለው? ሙሽራ በበቅሎ አይደል የምትሄደው?"

 ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ከዚያ እማ ሀዋ ነጠላቸውን ከአፋቸው ላይ አነሡ። "አንቱ፣ በቅሎ ስትወልድ አይተው ያውቃሉ?"

ሳቁ እስከ ጅረቱ ማዶ ተሰምቷል ይላሉ። ጋሽ እንድሪስ እስከ ጆሯቸው ቀሉ፤ ኋላም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሴቶቹ ያን ጊዜ ነው የወደዷቸው።

"አልጋ በሉት" አሉ እማ ሀዋ። "ሰው አልጋ ላይ ይተኛል፣ ይነሣል።"

አልጋ ሆነ። እንጨቱ ከቃሬዛው የተለየ፣ ጠፍሩ ሴቶቹ የጎነጎኑት። ሲያልቅ ግን ማን መጀመሪያ ይተኛበት? ማንም። እርጉዝም ያላረገዘችም ወደ ኋላ ትላለች። ጋሽ እንድሪስ ጫማቸውን አወለቁና ተኙበት። "ተሸከሙኝ" አሉ።

ጉም ነበር። አራት ሰዎች አንሥተው በአፋፉ ይዘዋቸው ሄዱ። ረጅም ስለሆኑ እግራቸው ከአልጋው ያልፋል። ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገዋል። ነጭ ጋቢ ለብሰዋል። ያኔ አንዲት ሴት፣ ሳታውቀው ይመስለኛል፣ ሙሾ ጀመረች። ሰው በትከሻ ሲሄድ ማየት ነው አፏን የከፈተው። ሁለተኛዋ ተቀበለቻት። ሦስተኛዋ። እናቴ ሳትቀር። "ዝም በሉ! ሰውየው በሕይወት ናቸው!" እላለሁ፤ ማን ይስማኝ? ደረት እየተደቃ፣ በቁሙ ላለ ሰው እየተለቀሰ፣ እስከ መቃብሩ ጥግ ደረስን። እሳቸው ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ "ደህና ታለቅሳላችሁ፤ እናቴ ብትሰማችሁ ደስ ይላት ነበር" አሉ። ልቅሶው ተቆረጠ። ማንም ግን አልሳቀም።

እንግዲህ ይኼን ነው አጋም በር ያልረሳው።

ሠርቷል። አልጋው ሴቶች ወሰደ፣ ሴቶች ከነልጆቻቸው በእግራቸው ተመለሱ። ሁለተኛው ደብዳቤ ሲጻፍ "ቃሬዛ" የሚለው ቃል ወጣና "ቅሬው በሚመርጠው ስም የሚጠራ መሸከሚያ" የሚል ገባ። ሌሎች ጎጦችም የየራሳቸውን ስም እያወጡ ሠሩ። ጋሽ እንድሪስ የማንንም ምስጋና አልተቀበሉም። "አያ ደመቀን አመስግኑ፤ ለስንፍናቸው" ይሉ ነበር።

ግን አንድ ነገር አይቼ ነበር። መጀመሪያ በመቃብሮቹ መሃል ስንዞር ጀምሮ፣ ከደረት ኪሳቸው በወረቀት የተጠቀለለ ክኒን እያወጡ ይውጡ ነበር። "ለጨጓራ ነው" ይሉኛል። የዓይናቸው ነጩ ቢጫ እየሆነ ሲመጣ "ጨጓራ ዓይን ቢጫ ያደርጋል እንዴ?" ብያቸዋለሁ። "አንቺ ብትመረምሪ ይሻል ነበር" ብለው አለፉት። ከዚያ ደሴ ሄዱ ተባለ። ከዚያ ያ ወረቀት መጣ።

የትኛውን መኪና እንደያዝኩ ታውቃላችሁ። ቅጂዎቹን ለአበባ ሰጥቼ ወደ አጋም በር ሄድኩ። ቤት ስደርስ መሽቶ ነበር። ከድጃ ግድግዳ ተደግፋ ከንፈሯን ነክሳለች። "አብሽሪ፣ ውሸት ምጥ ነው" ትለኛለች፤ ላቧ ግን እንደ ውሃ ይወርዳል። ነጋ፤ አልወለደችም። ቅሬው ቤት ደጃፍ ወንዶቹ ተቀምጠዋል። አልጋው ከአሮጌው ቃሬዛ ጎን ቆሟል፣ ፊቱን አዙሮ፣ እንደ ተቀጣ ተማሪ።

የቅሬው ዳኛ አባባ ይመር ናቸው። ፊታቸው ቆምኩ።

"እህቴ ምጥ ላይ ናት" አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

"ዝም በይ አንቺ! ምጥ በአደባባይ ይጠራል?"

"ይጠራል። ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ለዚያ ነው እዚህ የተቀመጣችሁት። አልጋውን አውርዱልኝ።"

"አልጋ አይደለም" አሉ አባባ ይመር፣ ክፋት በሌለው ድምፅ። "ስሙን ቀይረን ሸወድነው። እሱ ግን አልተሸወደም። መጀመሪያ የተኛበትን ቆይቶ ወሰደ።"

"ከመተኛታቸው በፊት ታመው ነበር! መድኃኒት ሲውጡ በዓይኔ አይቻለሁ!"

"ታዲያ የታመመ ሰው ነው ያስተኛችሁብን?"

 በዚያች ቅጽበት ጋሽ እንድሪስን ጠላኋቸው። የሌላውን ሁሉ ሞት ወደ ኋላ ሲሄዱ፣ የራሳቸውን ሞት ወደ ፊት አላዩትም። እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ፤ ጤነኛ፣ ሃያ ዓመት ያልሞላኝ፣ እንደ ፍየል የምዘል። ለምን እኔን አላስተኙም? ላለማስፈራራት ይሆናል። ደግነት ይሆናል። ደግነት ግን አንዳንዴ ከስንፍና በታች ነው።

ከቤት የከድጃ ድምፅ ተሰማ። "ያ ፋጡማ!" የምትል አንዲት ጩኸት፤ በኛ አገር ሴት በምጥ ጊዜ የምትማጸነው እሷን ነው። ወንዶቹ ሁሉ ያልሰሙ መሰሉ።

"አባባ፣ ደንቡን ይድገሙልኝ" አልኩ።

"የምን ደንብ?"

"የቃሬዛውን። ቃል በቃል።"

"ቃሬዛ ወጥቶ ባዶውን አይገባም።"

"ሬሳ ይላል?"

"ምን?"

"ደንቡ። 'ሬሳ ይዞ ይገባል' ይላል ወይስ 'ባዶውን አይገባም' ነው የሚለው?"

 ጎናቸው ያሉትን ሽማግሌ አዩ። "ባዶውን አይገባም ነው። አባቶቻችን ያሉት ይኼን ብቻ ነው።"

"እንግዲያው ሰው ይዞ ይግባ። ከድጃን ያድርሳት፤ ሲመለስ እኔ እተኛበታለሁ።"

"ወይኔ ልጄን!" አለች እናቴ ከኋላዬ።

"መንገድ ላይ ብትሞቺስ?" አሉ አባባ ይመር።

"ያን ጊዜማ ደንባችሁ በትርፍ ተሟላ።"

ከወንዶቹ አንዱ፣ ሙሄ ይመስለኛል፣ ሳቁ አመለጠው። አባባ ይመር አልሳቁም። ተነሡ፣ በዝግታ ሄደው አልጋውን ከግድግዳው ወደኛ አዞሩት። "ቢስሚላሂ" አሉ።

መንገዱን አላወራም። ከድጃ ጣቶቼን ልትሰብራቸው ነበር። ጤና ጣቢያው ገብታ በሩ ሲዘጋ ስልኬን አየሁ። ስድስት ሰዓት ሆኗል። ወረኢሉ አጠገብ አፈር እየተመለሰ ነው። አላለቀስኩም። ትንሽ ቆይቶ ከበሩ ወዲያ ቀጭን፣ የተቆጣ ድምፅ መጣ፤ ሴት ልጅ። ነርሷ "እናትየዋ ደህና ናት፣ ትደር" አለችን።

ተሸካሚዎቹ አልጋውን ይዘው ደጅ ቆመዋል። አንዳቸውም "ተይው" አላሉኝም። ተኛሁ።

ነገርኳችሁ፣ ፈሪ አይደለሁም። ግን ተኝቶ መሄድ ሌላ ነው። ከጉምና ከሰዎቹ አገጭ በቀር የሚታይ የለም። ሲሄዱ ከድጃን ይዘው እየተሳደቡ፣ "ወዲህ በል፣ ጅል!" እየተባባሉ ነበር። አሁን አንድም ቃል የለም። እግራቸው ራሱ ተለወጠ፤ ያን የቀብር እርምጃ ያዙ። ልነግራቸው ፈልጌ አፌ አልከፈት አለ። መቃብሩ ጥግ ሲደርሱ እንደ ወጉ አሳረፉኝ። ተቀመጡ። አንዱ ትንባሆ አወጣ። ስለ ሰሊጥ አወሩ፣ ስለ ዝናብ አወሩ፤ ከዚያ አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ምላሷ ነው እንጂ ልቧስ ጥሩ ነበር" አለ። ሌላው "አላህ ይማራት" አለ።

"አሚን" አልኩ።

ትንባሆው ከእጁ ወደቀ። ከዚያ በኋላ እስከ ቤት እየሮጡ ነው የወሰዱኝ።

አጋም በር ደጅ ላይ አገር ቆሟል። አስቀመጡኝ። ተነሺ አሉኝ። እግሬ ደንዝዟል፤ ሁለቱም። ልነሣ ብል አልታዘዝ አሉኝ፤ መልሼ በጀርባዬ ወደቅኩ። ሰዉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። አባባ ይመር ዓይናቸውን ጨፈኑ። ለመናገር ብሞክርም ጉሮሮዬ ደርቋል። ያን ጊዜ ከሁሉም መሃል እናቴ ብቻ መጣች። ጎንበስ አለችና ጭኔን በሁለት ጣቷ ይዛ አዞረችው፤ ልጅ ሆኜ ስሰርቅ እንደምታደርገኝ።

ጩኸቴ ውሻ አስነሣ። የሰደብኩትን ስድብ እዚህ አልጽፈውም።

"ሰው ይዞ ገባ" አሉ አባባ ይመር። ሌላ አላሉም። አልጋውን ራሳቸው አንሥተው አቆሙት፤ ፊቱን ወደ ደጅ።

ሳምንት ሳይሞላ፣ ገና እዚያው እያለሁ፣ የጎረቤታችን ሚስት ምጥ ያዛት። ማንም አልነገረኝም፤ ምጥ አይወራማ። ጠዋት ጠፍሩ ከግድግዳው ሲወርድ የሚያሰማውን ድምፅ ሰማሁ። ወጥቼ ሳይ አራቱ ሰዎች ሴትየዋን ይዘው በጉሙ ውስጥ እየወረዱ ነው። ከኋላቸው እማ ሀዋ፣ ጉልበታቸውን እያሻሹ፣ በምርኩዝ ይከተላሉ። "የት ነው እማ?" ብላቸው፣ "ሲመለስ ማንን ይዞ ይግባ ታዲያ?" አሉኝ፣ ሳይዞሩ።